«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ»፦ ትርጉሙና የድሬዳዋ አመሠራረት

ይህ አባባል ጥቅሙ ብቻ ታይቶት ጉዳቱን ላላመዛዘነ ሰው ይነገራል። መነሻው ግጦሽ ነው። በበጋ መስኩ ተግጦ ሲያልቅ ለምለም ሣር የሚተርፈው ከብት በማይደፍረው በገደል አፋፍ ላይ ነው። በሬው አንገቱን አስግጎ ሲግጥ ክብደቱ በፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል፤ ሥሩ የተቦረቦረው አፈርም ይናዳል። ጠርዙን የሸፈነበት ያው የጎመጀለት ሣር ነው፤ አባባሉን ብርቱ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የድሬዳዋ አመሠራረት አባባሉን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ የሐዲዱ የመጀመሪያ ክፍል ከጅቡቲ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ሣሩ ሐረር ነበረች፦ ቡናዋ፣ ቆዳዋ፣ የሲራራ ነጋዴዋ። ገደሉ ደግሞ ተራራው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ከሥሯ ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም፤ የብረት ጎማው በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ሐዲዱን ለማውጣት ተራራውን እየዞሩ ዐለት መፈንቀል፣ ድልድይ ላይ ድልድይ መሥራት ያስፈልግ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን አይተው ሜዳውን መረጡ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሲደርስ አዲሱ ሰፈር «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት።

ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ግን የገንዘቡን ገደል አላየም። 310 ኪሎ ሜትር ያህል ዘርግቶ አቅሙ አለቀና ከሰረ። ሥራውን ሌላ ኩባንያ ተረክቦ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋትም ይኸው መዘግየት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለዓመታት ባቡሩ የሚያራግፈው ጭነት ወደ ግመልና በቅሎ የሚዛወረው እዚያ ነበርና።

ከተማዋም የራሷ ገደል አላት፦ ደቻቱ። ቀዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሜዳ ይመስላል፤ ሰው ይገበያይበታል፣ ዳርቻው ላይ ቤት ይሠራል። ጎርፉ የሚነሳው ግን ከደጋው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል።

አባባሉን ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው፤ በሬ ማለት ይሆናል። ለእኩያ ወይም ለታናሽ፣ ይልቁንም ውል ከመፈረሙና ቤት ከመሠራቱ በፊት ሲነገር ይጠቅማል።