ድምፅ ስንቀዳ ሜትሩ (የድምፁን መጠን የሚያሳየው መለኪያ) ቀዩ ጋ መድረስ አለበት?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ በደንብ እንየው። ቤት ውስጥ በ24 ቢት (ቢት ዲጂታል ቀረጻ ድምፁን ምን ያህል በዝርዝር እንደሚመዘግብ ይነግራል) የምትቀዱ ከሆነ ቀዩ ጋ መጠጋት አያስፈልግም።

በዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው ዜሮ ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ አሃድ) ነው። ከዚያ ያለፈ ድምፅ ጫፉ ይቆረጣል፣ ይሻክራል። በኋላ ሚክስ ላይ (የተቀዱትን ድምፆች ስታዋህዱ) ዝቅ ብታደርጉት የሻከረው ድምፅ ቀንሶ ይሰማል እንጂ አይድንም።

"ዝቅ አድርጌ ከቀዳሁ ሽሽታው (ከጀርባ የሚሰማው የ‘ሽሽ’ ድምፅ) ይበዛል" የሚለው ስጋት ከቴፕ ዘመን የመጣ ነው። ለቴፕ እውነት ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 6 ዲሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። 16 ቢት 96 ገደማ ነው፣ 24 ቢት ደግሞ በስሌት 144። ከቀረጻው ሽሽታ ይልቅ የፍሪጃችሁ ድምፅ ቀድሞ ይሰማል፤ እሱን አጥፉት።

ለምሳሌ ዘፋኟ ስትለማመድ ከፍተኛው ድምፅዋ ከዜሮ በታች 12 ላይ ደረሰ እንበል። ጌይኑን (ወደ መቅጃው የሚገባውን ድምፅ መጠን የሚወስነውን ማስተካከያ) እዚያው ተዉት። አዝማቹ ላይ ስሜት ይዟት 6 ብትጨምር እንኳ ገና 6 ዲሲቤል ይቀራታል።

የጣሪያው ነገር ቁርጥ ነው። 12 የሚለው ቁጥር ግን እንደ ዘፋኙና እንደ መሣሪያው ይለያያል። ከበሮ ድንገት ስለሚዘል ሰፋ ያለ ክፍተት ስጡት። ስትቀዱ ድምፁ ካነሰባችሁ የሄድፎኑን ቮልዩም ጨምሩ፣ ጌይኑን አትንኩ።