የቅባት እህል ዘይት በወተት ፍየሎች መኖ

የወተት ፍየሎችን መኖ በተልባ፣ በሱፍ አበባ፣ በአኩሪ አተር ወይም በጎመን ዘር ዘይት ማዳበር የወተቱን የቅባት መጠንና ዓይነት ለመለወጥ የሚያገለግል የአመጋገብ ዘዴ ነው። ዘዴው በስፋት ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ ፈረንሳይ ናት፤ በዚያ የፍየል ወተት በአብዛኛው ለአይብ ሥራ ስለሚውል የአይቡ ምርትና ጥራት በወተቱ ቅባትና ፕሮቲን ይወሰናል። የሻቢሹ አይብ መገኛ በሆነው በፑዋቱ አካባቢና በሌሎች የፍየል እርባታ ክልሎች የሚታወቁት ሳነንና አልፓይን የተባሉት ዝርያዎች ብዙ ወተት ይሰጣሉ። ሆኖም ከወለዱ ከጥቂት ወራት በኋላ የወተታቸው ቅባት እየሳሳ አንዳንድ ጊዜ ከፕሮቲኑ በታች ይወርዳል፤ እህል የበዛበትና አሰር ያነሰው መኖ ደግሞ ይህን ችግር ያባብሰዋል።

ለዚህ መፍትሔ ዘይት መጨመር በመጀመሪያ ሲታይ አጠራጣሪ ነበር። ላሞች ስታርች የበዛበት መኖ ከዘይት ጋር ሲሰጣቸው የወተታቸው ቅባት ብዙ ጊዜ ይቀንሳልና። ዛሬ ኢንራኤ በሚባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ የግብርና ምርምር ተቋም ኢቭ ሺያርና ባልደረቦቹ ለዓመታት ያካሄዷቸው ሙከራዎች ግን የፍየል ወተት ቅባት በዘይት እንደሚጨምር፣ የወተቱ ብዛት ደግሞ እምብዛም እንደማይለወጥ አሳይተዋል። ስለዚህ ለላም የተዘጋጀ የአመጋገብ ቀመርን በመጠን ብቻ ቀንሶ ለፍየል መስጠት ትክክል አይደለም።

የለውጡ ሂደት የሚጀምረው በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በዘይቱ ውስጥ ያሉትን ያልጠገቡ ፋቲ አሲዶች (ቅባት የሚገነባባቸውን አሲዶች) ሃይድሮጅን እየጨመሩ ያጠግቧቸዋል፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ የሚያመልጠው ቫክሴኒክ አሲድ በደም አማካይነት ግት ሲደርስ፣ በዚያ ያለ ኢንዛይም ከፊሉን ለጤና ጠቃሚነቱ ብዙ ወደተጠናው ሩሜኒክ አሲድ ይለውጠዋል። በተጓዳኝ ግቱ ራሱ የሚያመርታቸው እንደ ካፕሪክና ፓልሚቲክ ያሉት የጠገቡ አሲዶች ድርሻ ይቀንሳል። የተልባ ዘይት የኦሜጋ 3ን መጠን ከፍ ሲያደርግ፣ ሊኖሌይክ በሚባለው ያልጠገበ አሲድ የበለጸገው የሱፍ አበባ ዘይት ሩሜኒክ አሲድን ያበዛል። የወተቱን ቅባት የሚያፈርሰው ሊፔዝ የተባለው ኢንዛይም እንቅስቃሴም ስለሚዳከም፣ አንዳንድ ጠጪዎችን የሚያርቀው ጠንካራ የፍየል ጠረን ይለዝባል፤ ይህ ግን ጠረኑን ለሚፈልጉ አይብ ሠሪዎች ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም።

በመጠኑ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። በመኖው ደረቅ ይዘት ውስጥ ያለው ጠቅላላ ቅባት ከ6 እስከ 7 በመቶ እንዳያልፍ የሚመከረው ያልጠገበ ዘይት አሰር የሚፈጩትን ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ ነው። ፍየሏ ድርቆሽና ቅጠል በበቂ ሁኔታ ካላገኘች ዘይቱ መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ችግር ይሆናል። ስለዚህ ፍየሏ ቀስ በቀስ እየተለማመደች ዘይቱ ይሰጣታል፤ ብዙዎች ፈሳሹን ዘይት ትተው የተፈጨ ወይም በሙቀት የተሠራ ዘር ይመርጣሉ፣ ምክንያቱም ዘይቱ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ያልጠገበ ቅባት የበዛበት ወተት ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ጣዕሙ በቶሎ ስለሚበላሽ ቫይታሚን ኢ መጨመር ይረዳል።

በኢትዮጵያ የዚህ ዘዴ የቅርብ ዘመድ ፋጉሎ ነው። የኑግ ዘይት በሊኖሌይክ አሲድ እጅግ የበለጸገ ሲሆን፣ በመጭመቂያ ብቻ ከተጨመቀ ዘር የሚቀረው ፋጉሎ ከፕሮቲኑ ሌላ ቀላል የማይባል ዘይት ይዞ ይቀራል። ከዘይት ዋጋ አንጻር አርቢው ለፍየሉ ጨምቆ ከመስጠት ይልቅ ፋጉሎውን መግዛቱ ይሻለዋል ብሎ ማመን ይቻላል። አደጋው በአያያዙ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በላሞች ወተት ላይ በተደረገ ጥናት ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ወደ ወተት የሚገባበት ዋና መንገድ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷልና፣ እርጥብ ወይም የሻገተ ፋጉሎ ለምትታለብ ፍየል መሰጠት የለበትም።