በዲጂታል ሰርተፍኬት ውስጥ ደካማ ክሪፕቶግራፊ ማለት ምንድን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቁጭ ብላችሁ ሴኪዩሪቲ ፕላስ ለሚባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ፈተና የምታነቡ ካላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ፈተናው ላይ የአንድ ሰርተፍኬት ዝርዝር ይሰጣችሁና “ችግሩ ምንድን ነው?” ትባላላችሁ። ምርጫዎቹ ሁሉ ችግር ይመስላሉ። ጊዜው አልፏል፣ ስሙ አይገጥምም፣ ራሱን በራሱ የፈረመ ነው፣ ክሪፕቶግራፊው (መረጃን የሚጠብቀው ሒሳብ) ደካማ ነው። ተፈታኙን የሚያምታታው የመጨረሻው ነው። አብሽሩ፤ የት እንደሚታይ ካወቃችሁ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ሰርተፍኬቱ ራሱ ምን ይሠራል? ከውጫሌ ወይም ከሐይቅ የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ደሴ አንድ ባንክ ገባችሁ እንበል። ሠራተኛዋ አታውቃችሁም። የምታምነው ማህተሙን ነው። ዲጂታል ሰርተፍኬትም እንዲሁ ነው። “ይህ የአደባባይ ቁልፍ (ለሁሉም የሚታየው የምስጠራ ቁጥር) የዚህ ድረ ገጽ ነው” ይላል፤ የታወቀ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ደግሞ ፊርማውን ያኖርበታል። ብሮውዘራችሁ ድረ ገጹን አያውቀውም፤ የሰጪውን ፊርማ ነው የሚያየው። ያንን ፊርማ ፎርጅድ አድርጎ መሥራት ከተቻለ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ።

ደካማ ክሪፕቶግራፊ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ሰርተፍኬቱ የተፈረመበት ወይም የያዘው ቁልፍ የተሠራበት ሒሳብ፣ በዛሬ ኮምፒውተር አቅም ሊሰበር የሚችል ሲሆን ማለት ነው። ስለዚህ የምታዩት ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ የፊርማው አልጎሪዝም እና የአደባባይ ቁልፉ።

ከፊርማው እንጀምር፤ ፈተናው የሚወደውም እሱን ነው። ሰጪው ድርጅት ሙሉውን ሰርተፍኬት አይፈርምም። መጀመሪያ ሰነዱን በሀሽ ወደ አጭር ቁጥር ይቀይረዋል፤ ከዚያ ያንን ቁጥር ይፈርማል። ታዲያ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች አንድ ዓይነት ሀሽ ቢኖራቸውስ? ለአንደኛው የተሰጠው ፊርማ ለሌላውም ይሠራል። ይህ ነው ኮሊዥን የሚባለው። አጥቂው ምንም የማይጠረጠር ሰርተፍኬት አስፈርሞ፣ ፊርማውን አንስቶ ባዘጋጀው አደገኛ ሰርተፍኬት ላይ ይለጥፈዋል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ተደርጓል። ኤምዲ5 በሚባለው የቆየ የሀሽ ዘዴ ላይ ኮሊዥን መፍጠር እንደሚቻል በፈረንጆቹ 2004 ታይቶ ነበር። አንዳንድ ሰጪዎች ግን መጠቀማቸውን አላቆሙም። በታኅሣሥ 2008 የተመራማሪዎች ቡድን 200 ያህል ፕሌይስቴሽን 3 አገናኝቶ ብሮውዘሮች ሁሉ የሚያምኑት የሐሰት ሰርተፍኬት ሰጪ ፈጠረ። በዚያ ሰርተፍኬት ለፈለጉት ድረ ገጽ መፈረም ይችሉ ነበር። ሥራቸውን ካቀለሉላቸው ነገሮች አንዱ ሰጪው ድርጅት ተከታታይ መለያ ቁጥር መስጠቱ ነው፤ ቀጣዩን ቁጥር አስቀድመው መገመት ቻሉ። ዛሬ መለያ ቁጥሮች ረጅምና በዘፈቀደ የሚወጡት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በ2012 ደግሞ ፍሌም የተባለው የስለላ ቫይረስ በኤምዲ5 ኮሊዥን የማይክሮሶፍት የሚመስል ፊርማ ይዞ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ለማስጠንቀቅ ያሳዩት ነገር ለእውነተኛ ጥቃት ዋለ። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪ ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል፤ “ኤምዲ5 ደካማ ነው” ብሎ ከመሸምደድ ይልቅ ለምን እንደሆነ ያሳያል።

ሻ-1 የተባለው ሌላ የሀሽ ዘዴም ተከተለ። በ2005 ድክመቱ በወረቀት ላይ ታወቀ። በየካቲት 2017 ጉግልና በአምስተርዳም ያለው የሒሳብና ኮምፒውተር ምርምር ተቋም ይዘታቸው የተለያየ፣ ሀሻቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ፒዲኤፍ ፋይሎች አወጡ። ለሕዝብ ድረ ገጾች በሻ-1 መፈረም ቀድሞውኑ ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ ቆሞ ነበር። በፊርማው መስመር ላይ ኤምዲ5 ወይም ሻ-1 ካያችሁ መልሱን አገኛችሁ። ሻ-256 (ጠንካራው የሀሽ ዘዴ) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሁለተኛው መስመር እለፉ።

ሁለተኛው የቁልፉ ርዝመት ነው። አርኤስኤ የተባለው የተለመደ የቁልፍ ዓይነት ጥንካሬ አንድን ትልቅ ቁጥር ወደ ሁለት አባዢዎቹ መልሶ መክፈል ከባድ በመሆኑ ላይ ቆሟል። የ512 ቢት ቁጥር በ1999 ተከፈለ። የ768 ቢት በ2009 መጨረሻ፣ የ829 ቢት በ2020 ተከፈለ። 1024 ቢት ለዚህ በጣም ስለቀረበ ከ2014 ጀምሮ ለሕዝብ ድረ ገጾች አይፈቀድም። ዝቅተኛው 2048 ነው።

እዚህ ጋ ኢሲሲ የሚባለው ዓይነት ቁልፍ ብቅ ሲል ብዙዎች ይደነግጣሉ። “256 ቢት ብቻ?” አዎ፣ 256 ብቻ፤ ግን ጠንካራ ነው። ሒሳቡ ሌላ ስለሆነ የ256 ቢት ኢሲሲ ከ3072 ቢት አርኤስኤ ጋር ይመጣጠናል። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት የቁልፉን ዓይነት እዩ።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። ዊንዶውስ ላይ ሰርተፍኬት ስትከፍቱ ከታች ተምፕሪንት የሚል መስመር አለ። እሱ የሚሰላው በሻ-1 ነው። ይህ ድክመት አይደለም! ተምፕሪንቱ ሰርተፍኬቱ ውስጥ የለም፤ ሰርተፍኬቱን የሚያሳያችሁ ፕሮግራም ለመለያ ብሎ ያሰላው ነው። ፊርማው ሻ-256 ሆኖ ተምፕሪንቱ ሻ-1 ከሆነ ሰርተፍኬቱ ደህና ነው።

ሌላው ወጥመድ ሩት ሰርተፍኬት፣ ማለትም ከሁሉም በላይ ያለው የሰጪው የራሱ ሰርተፍኬት ነው። ሩት በሻ-1 ተፈርሞ ብታገኙት አትሩጡ። ሩት የሚታመነው በፊርማው ሳይሆን በኮምፒውተሩ የታመኑ ሰጪዎች ዝርዝር ውስጥ አስቀድሞ በመቀመጡ ነው። ከሱ በታች ያሉት መካከለኛውና የድረ ገጹ ሰርተፍኬቶች ግን ሻ-1 ሊሆኑ አይገባም። የሩቱ ቁልፍ ርዝመትም ቢሆን አሁንም ይታያል።

ጊዜ ያለፈበት፣ ስሙ የማይገጥም፣ ራሱን የፈረመ ወይም የተሻረ ሰርተፍኬት ችግር አለበት፤ ነገር ግን ክሪፕቶግራፊው ደካማ አይደለም። ራሱን የፈረመ ሰርተፍኬት በሻ-256ና በ4096 ቢት ሊሠራ ይችላል። የጎደለው የሚያውቀው ሰው ነው እንጂ ጥንካሬ አይደለም። አርሲ4፣ ትሪፕል ዴስ (የቆዩ የምስጠራ ዘዴዎች) ወይም ቲኤልኤስ 1.0 (የቆየ የግንኙነት ደንብ) የሚሉ ቃላት ከመጡ ደግሞ ድክመቱ ያለው ሰርቨሩ ግንኙነቱን በሚያደርግበት መንገድ ላይ ነው። ሰርተፍኬቱን ብትቀይሩት አይስተካከልም።

በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ወዲህ ዲጂታል ፊርማ በሕግ ፊት ቦታ አለው። ነገ በሥራ ቦታችሁ ሰርተፍኬት የምትመረምሩት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ተለማመዱ። ከድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ ያለውን ምልክት ነክታችሁ ሰርተፍኬቱን ክፈቱ፤ ወደ ዝርዝሩ ግቡና ሁለቱን መስመሮች ፈልጉ። የምትጠቀሙበትን ባንክ፣ የዩኒቨርሲቲያችሁን ድረ ገጽ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ እዩ።

አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። ስሙ ይገጥማል፣ ቀኑ አላለፈም፣ ሰጪው የታወቀ ነው። ፊርማው ሻ-1 ከአርኤስኤ ጋር፣ ቁልፉ አርኤስኤ 2048፣ ተምፕሪንቱ ሻ-1 ነው። ድክመቱ ፊርማው ላይ ነው። ቁልፉ ደህና ስለሆነ ሰርተፍኬቱ በሻ-256 እንደገና ይፈረማል። አሁን ፊርማውን ሻ-256፣ ቁልፉን 1024 አድርጉት። እንደገና ማስፈረም ብቻ አይበቃም፤ ድክመቱ ያለው ቁልፉ ውስጥ ነው። አዲስ የቁልፍ ጥንድ (የአደባባዩና የሚስጥሩ) ይፈጠራል፣ በሱ አዲስ ጥያቄ ለሰጪው ይቀርባል፣ አዲሱ ሰርተፍኬት ሰርቨሩ ላይ ይጫናል፣ አሮጌውም ይሻራል።