ክሊፒንግ ምንድን ነው? ቀይ መብራት ማለት ግን አይደለም

«ሜትሩ ዜሮን አልነካም፣ ቀይዋም አልበራችም፤ ስለዚህ ቀረጻው ክሊፕ አላደረገም።» ሜትር የሚሉት የሪከርደሩ ስክሪን ላይ የድምፁን ከፍታ የሚያሳየውን መለኪያ ነው፤ ዜሮ ጣሪያው ነው፣ ቀይዋ ደግሞ ማስጠንቀቂያ መብራቷ። ይህን አባባል ሰሞኑን ከየአቅጣጫው እየሰማሁት ነው። መጨረሻ የነገረኝ ኮምቦልቻ ሠርግ ቀርጾ የመጣ ልጅ ነው። ከበሮው በተመታ ቁጥር የዘፋኟ ድምፅ ይሻክራል፣ ማሲንቆው ብልጭ ድርግም ይላል። እሱ ግን ስክሪኑን እያሳየ «ጋሼ፣ ይኸው እኮ፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ እንኳ ለዜሮ 5 ዲሲቤል ይቀረዋል» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ 5 ይቀረዋል። ክሊፕም አድርጓል። ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም።

ክሊፒንግ ማለት የድምፁ ሞገድ የሚያልፍበት ክፍል ከሚችለው በላይ ሲሆንበት አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሪከርደሩ በእጅ የሚያዝ አንድ ዕቃ ስለሆነ አንድ ጣሪያ ብቻ ያለው ይመስለናል። ውስጡ ግን ድምፅ በተራ ያልፋል፦ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው የማይኩ ካፕሱል ያን ደካማ ኤሌክትሪክ ወደሚያጎላው ፕሪአምፕ፣ ከፕሪአምፑ ኤሌክትሪኩን ወደ ቁጥር ወደሚለውጠው ክፍል፣ ከዚያ ወደ ፋይሉ። እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያ አለው። ሜትሩ የሚያነበው የመጨረሻውን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው የጣርማበርን ዋሻ ያውቀዋል። አንድ አይሱዙ ጭድ ከልክ በላይ ቆልሎ ዋሻው ውስጥ ገባ እንበል። አናቱ በጣሪያው ተላጭቶ ይወጣል። መኪናው ሸዋሮቢትንና ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ አንድ ሰው ሜትር ዘርግቶ ቁመቱን ይለካና «ልክ ነው፣ እንዲያውም ይተርፈዋል» ይላል። ልኬቱ ስህተት የለበትም። የተላጨው ጭድ ግን ከደብረ ሲና በላይ ዋሻው ውስጥ ቀርቷል። ልጁ ስክሪኑ ላይ ያሳየኝ የኮምቦልቻውን ልኬት ነበር።

«እንግዲያው ሌቭሉን (የመቅረጫውን መጠን) ቀንሰው» የሚል ይመጣል። መቀነሱ ጥሩ ነው፣ ቁልፉ የሚሠራው ከዋሻው በፊት ከሆነ። አንዳንድ ትንንሽ ሪከርደሮች ላይ ፕሪአምፑ ኃይሉ ቋሚ ነው፤ በጣታችን የምናዞረው ሌቭል ቀድሞ የተለወጠውን ቁጥር ብቻ ያሳንሳል። ይሄ ኮምቦልቻ ላይ የመኪናውን ጎማ እንደ ማስተንፈስ ነው። ቁመቱ ይቀንሳል፣ ጭዱ አይመለስም። ቤት ገብቶ በኮምፒውተር መቀነስም ያው ነው። ጩኸት ሲበዛ በራሱ የሚጫነው፣ ብዙ ሰው የሚታመንበት ሊሚተርም በቁጥር ላይ የሚሠራ ከሆነ ከዋሻው ወዲህ ቆሞ ጭነቱን በገመድ የሚጨቁን ሰው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አንድ በእርግጠኝነት የሚናገር ተከራካሪ አለ፤ ስሙን ልተወው። «32 ቢት ፍሎት ግዛና ተገላገል፤ እሱ ክሊፕ የሚባል ነገር አያውቅም» ይላል። ፋይሉ አያውቅም፣ ይሄን አልክድም። 32 ቢት ፍሎት ድምፁ እጅግ ሰፊ በሆነ ቁጥር የሚጻፍበት የፋይል ዓይነት ነው፤ በወረቀት ከለሆሳስ እስከ ጩኸት ከ1,500 ዲሲቤል በላይ ስፋት አለው፤ ያን የሚሞላ ድምፅ ምድር ላይ የለም። ጥሩዎቹ ማሽኖች ደግሞ፣ በ2019 እንደወጣው ዙም ኤፍ6 ሪከርደር ያሉት፣ አንዱ ለለሆሳስ አንዱ ለጩኸት ሁለት መለወጫ ስላላቸው ሦስተኛውንም በር፣ መለወጫውን፣ ያሰፋሉ። ካፕሱሉን ግን ማን አሰፋው? የመንገዱን ጣሪያ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ብናነሳው ጣርማበር ላይ የተላጨው አይተካም። ዙም ኤች5 ከሚባለው ሪከርደር ጋር የሚመጣው ማይክ እስከ 140 ዲሲቤል የድምፅ ግፊት ይችላል፤ ትንሹ ኤች1ኤን ግን 120 ላይ ይቆማል። ከበሮ አጠገብ ካስቀመጡት የምቱ ጫፍ ያን ሊያልፍ ይችላል። (ይሄኛው ዲሲቤል የአየር ግፊት መለኪያ ነው፣ ከዝምታ ወደ ላይ ይቆጠራል። የስክሪኑ ከፋይሉ ጣሪያ ወደ ታች ይቆጠራል። አትደባልቋቸው።)  

የጭዱ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል። ጭድ ሲላጭ ያንሳል እንጂ አዲስ ነገር አይጨመርበትም። ሞገድ ሲቆረጥ ግን ያልነበረ ድምፅ ይወለዳል፤ ብዙ ቃና አብሮ ከተቆረጠ ደግሞ በመካከላቸው ሌሎች ቃናዎች ይፈጠራሉ። ዘፋኟ አምባሰል ስትል በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆች በስሱ ይገባሉ። ጆሮው የሠለጠነ የወሎ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱን ያጨማድዳል።

ማሲንቆው የሚጠፋበትን ምክንያትም ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያስረዳል። «ከበሮው ሸፈነው» ይላሉ። በፋይሉ ውስጥ ከበሮ ለብቻው፣ ማሲንቆ ለብቻው የሚባል ነገር የለም፤ ያለው አንድ ሞገድ ነው። ማሲንቆውና ድምፃዊቷ በከበሮው ትልቅ ሞገድ ጀርባ ላይ የተሳፈሩ ትንንሽ መርገብገቦች ናቸው። ከበሮው በሰከንድ 80 ጊዜ ቢርገበገብ አንድ ዙሩ 12.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ አናቱ ለ2.5 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢቆረጥ፣ በሰከንድ 400 ጊዜ የሚርገበገበው የማሲንቆ ድምፅ አንድ ሙሉ ዙር ተሰረዘ ማለት ነው። በሚቀጥለው የከበሮ ዙርም እንደገና። አልተሸፈነም፣ የለም። ስለዚህ በኋላ ኢኩዌላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው) ላይ ከበሮውን ቀንሶ ማሲንቆውን ማውጣት አይቻልም። የተቆረጠ ሞገድ እንጠግናለን የሚሉ ፕሮግራሞችም ያን ክፍተት በግምት ነው የሚሞሉት። አልፎ አልፎ ለተቆረጠ ምት ይረዳሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ለተላጨ ሠርግ አይሆኑም።

ሌቭል አስጩኾ መቅረጽን ከየት እንዳመጣነው ይገባኛል። ከካሴት ነው። ቴፕ የራሱ ሹሹታ ስለነበረው ሙዚቃውን ከሹሹታው በላይ ማድረግ ግድ ነበር፤ ቢበዛበትም ቀስ እያለ ይጨመቃል እንጂ ድንገት አይቆርጥም። በ24 ቢት ይህ ፍርሃት ቦታ የለውም፤ ቢት ማለት ድምፁ የሚጻፍበት የቁጥር ርዝመት ነው። 16 ቢት በወረቀት 96 ዲሲቤል ያህል ስፋት ሲኖረው 24 ቢት 144 አለው። ጫፉን ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል ላይ ብትተው የምታጣው 2 ቢት ነው። እልልታና ጄኔሬተር ባለበት ድንኳን ውስጥ ያን 2 ቢት የሚሰማ ጆሮ አልተፈጠረም። ዋቭ የሚባለው ያልተጨመቀ ፋይል በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ ስቴሪዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ካርድ እቆጥባለሁ ብሎ በኤምፒ3 መቅረጽ አያስፈልግም።

ሌቭል የሚያዘው ከበሮው በኃይል ሲመታ ነው። የመድረክ መሪው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲል ተስተካክሎ የተተወ ሌቭል ምንም አይጠቅምም። ኦቶ ሌቭሉን አጥፉት፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የሕዝቡን ጫጫታ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ወፍራም ድምፆችን የሚቀንሰው ሎው ካት የሚለውም ከበሮውን ያቀልልናል ተብሎ ይበራል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሠራው ከመለወጫው በኋላ ስለሆነ ለክሊፕ መፍትሔ አይደለም።

ከካፕሱሉም ከሌሎቹም ክፍሎች ሁሉ በፊት የሚሠራው መቆጣጠሪያ ርቀት ነው። ሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለውን ርቀት በእጥፍ ስታሳድግ 6 ዲሲቤል ይወርዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ወይም እንደ ደሴው አይጠየፍ ባለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ግን ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ቅነሳው ያንሳል፣ ማስተጋባቱም ይጨምራል። በጣም ከራቅህ ከክሊፕ ድነህ በጉድጓድ ድምፅ ትቀራለህ። ሞንታርቦው (ትልቁ ድምፅ ማጉያ) ራሱ ከአቅሙ በላይ ተጎትቶ እየፈነዳ ከሆነ ደግሞ ርቀትም አያድንም። ያ ድምፅ በአየርና በአዳራሽ አልፎ ሲመጣ ሞገዱ ስክሪን ላይ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ጠፍጣፋ አናት አይገኝበትም፣ ለጆሮ ግን የተበላሸ ነው። የሳውንድ ሰዎቹን ቀንሱልኝ ማለት ነው ያለው አማራጭ።

የመድረኩን ማይኮች ከሚያዋህደው ሚክሰር በቀጥታ በገመድ ለሚቀርጹ አንድ ነገር ልጨምር። የባለሙያ ሚክሰር መውጫ መደበኛው 1.23 ቮልት ገደማ ነው፤ የትንሽ ሪከርደር የማይክ ጃክ የሚጠብቀው ሚሊቮልቶችን ነው። ሌቭሉን እስከ 1 ድረስ ብታወርደውም በሩ ላይ ይቆረጣል። ሪከርደሩ ላይን የሚባል መግቢያ ካለው እሱን ተጠቀም፤ ከሌለው በውስጡ ሬዚስተር ያለበት፣ ምልክቱን የሚያዳክም ገመድ አሠራ። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው በቀላሉ ይበይድልሃል።