«ጌሙ ነው ልጄን ያበላሸው»

በትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከወላጆች አፍ እንደ «ጌሙ ነው ልጄን ያበላሸው» አብዝቼ የሰማሁት አባባል የለም። የትኛው የቪዲዮ ጌም እንደሆነ ስጠይቅ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ያ የሚተኳኮሱበት» ከሚል አያልፍም። ድሮ በትዕግሥት አስረዳ ነበር፤ አሁን ትዕግሥቴ ስላጠረ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እያነሣሁ መልሴን በጽሑፍ ማስፈሩን መርጫለሁ።

«ተኩስ ያለበት ጌም የሚጫወት ልጅ ጠበኛ፣ ሲብስም ገዳይ ይሆናል።» ይህ ፍርሃት ዓለምን ያዳረሰው በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎምባይን በተባለ ትምህርት ቤት ሰዎችን የገደሉት ሁለት ተማሪዎች ዱም የተሰኘውን የተኩስ ጌም ይጫወቱ እንደነበር ከተሰማ በኋላ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ሲገደሉም ጣት ወዲያው ወደ ጌም ተቀሰረ፤ ነገር ግን ገዳዩ ጌም ሲጫወት አይተውት እንደማያውቁ አብረውት የኖሩት ተማሪዎች ለአጣሪዎች ተናገሩ። ይህኛው ወሬ ግን እንደ መጀመሪያው አልተዛመተም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የ14 እና የ15 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን አንድ ሺህ ያህል የብሪታንያ ታዳጊዎች ሲያጠኑ፣ የጌሞቹን ዓመፅ በልጆቹ ግምት ሳይሆን ጌሙ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን በሚገልጸው ይፋዊ የዕድሜ ምደባ መዘኑ፤ ስለ ልጆቹ ጠባይም አሳዳጊዎቻቸውን ጠየቁ። በዓመፀኛ ጌምና በጠበኛ ጠባይ መካከልም ግንኙነት አላገኙም። ሚዛኑን ለመጠበቅ፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ዓመፀኛ ጌም እንደ መጮህና መገፋተር ካሉ ጠባዮች ጋር አነስተኛ ግንኙነት እንዳለው ተቀብሏል፤ ነገር ግን ጌሙን ከነፍስ ማጥፋት ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ እንደሌለ በዚያው መግለጫ አስታውቋል። ከዚህም ሌላ በቤተ ሙከራ «ጠበኝነት» የሚለካበት አንዱ ዘዴ፣ ተሳታፊው የሚያቃጥል ምግብ ለማይወድ ሰው ምን ያህል የሚያቃጥል ስጎ እንደሚያቀርብለት ማየት ነው። ሚጥሚጣ በማብዛት ቢሆን ኖሮ ከእኛ ቤት ማን ይተርፍ ነበር?

ወላጆች የሚያዩት ጩኸትና ንዴት ግን ሐሰት አይደለም። ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የሚፈልግ በሰፈሩ ካሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ይግባ፤ ከፍተኛው ጩኸት የሚሰማው ደም በማይፈስበት የእግር ኳስ ጌም በፊፋ ፊት ነው። የካናዳ ተመራማሪዎችም የፉክክር መጠናቸው ተመሳሳይ የሆነ ዓመፀኛና ሰላማዊ ጌሞችን ሲያነጻጽሩ ዓመፁ ብቻውን ጠበኝነትን ከፍ እንደማያደርግ፣ ጎልቶ የሚታየው የፉክክሩ ሚና እንደሆነ አሳይተዋል።

አንድ አባት የ14 ዓመት ልጃቸው የክፍሉን ተማሪ በመምታቱ ፕሌይስቴሽኑን ሸጠው ወደ እኔ መጡ። ልጁን ለብቻው ሳነጋግረው ቤተሰቡ ከአሮጌው ሰፈር ተነሥቶ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከገባ አምስት ወር እንደሆነው፣ በአዲሱ ትምህርት ቤት በአነጋገሩ እየተቀለደበት እንደሚውል ነገረኝ። ከድሮ ጓደኞቹ ጋር በአነጋገሩ ሳያፍር የሚያወራው ማታ ማታ በዚያው ጌም ላይ ብቻ ነበር። አባትየው በቅን ልቦና የሸጡት ልጃቸው የቀረውን ጓደኝነት ነው። ዱላው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ልጁን ግማሽ ሰዓት መስማት በቂ ነበር፤ ጌሙን መክሰስ ግን ይቀላል፤ መልስ አይሰጥምና።

«ለሰው ስቃይ ደንታ ቢስ ያደርጋል።» በጀርመን በተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተሳታፊዎች ወንጀልና ተኩስ የበዛበትን ጂቲኤ የተሰኘ ጌም ለሁለት ወር በየቀኑ ተጫውተው በርኅራኄያቸውም ሆነ በጠበኝነታቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ተሳታፊዎቹ አዋቂዎች ስለነበሩ ግን ውጤቱን እንዳለ ለልጅ አላውለውም።

«አእምሮን ያደነዝዛል።» በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ ለ10 ቀናት በየቀኑ አንድ ሰዓት የተኩስ ጌም የተጫወቱ ወጣቶች ቴትሪስ የተሰኘውን ቅርጾችን የመደርደር ጌም ከተጫወቱት ይልቅ የእይታ ትኩረታቸው ተሻሽሏል። ይህን ሰምተው «እንግዲያውስ ጎበዝ ያደርገዋል» የሚሉ ወላጆችም አሉ፤ እነርሱም ተሳስተዋል። በስክሪን ላይ ብዙ ነገር በአንዴ መከታተል መቻል የአልጀብራ ውጤትን ከፍ ያደርጋል ማለት አይደለም። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ፐብጂ የተባለውን የተኩስ ጌም ሲጫወት ያደረ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚደነዝዘው እንቅልፍ ስላጣ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የኳስ ቪዲዮ ቢያይም ያው ነበር።

«ሱሰኛ ሆኗል።» የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ አካትቶታል፤ ነገር ግን መለኪያው ልጁ ራሱን መቆጣጠር ማቃቱና ሕይወቱ መቃወሱ ሲሆን፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲቀጥል ነው። የክረምት ዕረፍቱን በጌም ያሳለፈ ሁሉ ሱሰኛ አይባልም።

«ፊፋ ንጹሕ ነው።» ውስጡ የትኞቹ ተጫዋቾች እንዳሉ ሳይታወቅ የሚገዛ፣ ከቁማር የማይለይ የተጫዋች ጥቅል በገንዘብ የሚሸጥበት ጌም ነው፤ ቤልጂየም በዚሁ ምክንያት ሽያጩን አስቁማለች።

ይህን ሁሉ ስል ጂቲኤን ለ11 ዓመት ልጅ ክፈቱለት ማለቴ አይደለም፤ በአውሮፓ የተመደበው ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በእኛ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ግን ይህ ቁጥር የታተመበትን ሽፋን የሚያይ ስለሌለ ምደባውን ወላጅ ራሱ ፈልጎ ማወቅ አለበት። ማታ ስልኩ ከልጁ መኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ እርስዎም አንድ ዙር አብረውት ይጫወቱ፤ መሸነፍዎ አይቀርም። ወደ እኔ ቢሮ ከመምጣትዎ በፊት ደግሞ የጌሙን ስም፣ ልጁ ትናንት የተኛበትን ሰዓትና ከእነማን ጋር እንደሚጫወት ጠይቀው ይምጡ።