ቭራንጌል ደሴት፦ የነጭ ድቦችና የበረዶ ዝይዎች አገር

ከሩስያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቹኮትካ ጠረፍ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ቭራንጌል ደሴት ትገኛለች። ስፋቷ 7,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከጣና ሐይቅ እጥፍ ይበልጣል። የምድርን ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ንፍቅ የሚለየው የ180 ዲግሪ መስመር መሐሏን አቋርጦ ያልፋል። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያዋን የባሕር በረዶ ይዟት ይከርማል። በኅዳርና በጥር መሐል ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ ጭራሽ አትወጣባትም። ከተማም፣ ሆቴልም፣ መርከብ የሚጠጋበት ወደብም የላትም። ሰው አለ ከተባለ የጥበቃ ሠራተኞችና ከ2014 ወዲህ የሰፈሩ ወታደሮች ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ቦታ ባዶ ይመስላል። ግን በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ባለው አርክቲክ የቭራንጌልን ያህል ሕይወት የሞላበት ምድር ማግኘት ከባድ ነው። ምክንያቱም ሩቅ ዘመን ላይ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የሰሜን አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰፊ ክፍል ኪሎ ሜትሮች በሚወፍር በረዶ ተጭኖ ሳለ፣ ይህ አካባቢ ቀዝቃዛ ቢሆንም ደረቅ ስለነበር ግግር በረዶ አልሸፈነውም። ያኔ ባሕሩ ዝቅ ብሎ እስያና አላስካ በየብስ የተገናኙ ነበሩ፤ ቭራንጌልም የዚያ ሰፊ የሣር ምድር ተራራማ ክፍል ነበረች። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ሲል ተራራው ተቆርጦ ደሴት ሆነ፤ ዕፅዋቱም እንስሳቱም እላዩ ላይ ቀሩ። ዛሬ በደሴቷ ከ400 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎችና ንዑስ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በስፋት የሚቀራረቧት ሌሎች የአርክቲክ ምድሮች የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ የላቸውም። ዛፍ ግን የለም፤ አኻያው ራሱ አብዛኛው አጭር፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ቁጥቋጦ ነው።

ከቀሩት እንስሳት መካከል ማሞዝ ነበረ። ይህ ጸጉራም የዝሆን ዘመድ ከዋናው ምድር ላይ በአብዛኛው ከጠፋ በኋላ፣ ቭራንጌል ላይ ያለው መንጋ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ቆይቶ የዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ ነው ያለቀው። የግብፅ ፒራሚዶች ሲሠሩ እዚህ ማሞዝ ሣር ይግጥ ነበር ማለት ነው። በ2024 የወጣ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው፣ ባሕሩ ሲከባቸው የቀሩት ከ8 የማይበልጡ ነበሩ፤ ከእነዚህ ተነሥተው ወደ 200 እና 300 ደርሰው ለ6,000 ዓመታት ያህል እርስ በርስ ሲዋለዱ ኖረዋል። በምን ምክንያት እንዳለቁ እስካሁን ያከራክራል። ጥርሳቸው ግን ዛሬም በወንዝ ዳር ከጠጠሩ መሐል፣ እንደ ቆየ የእንጨት ጉማጅ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ጎብኚ አይቶ ያልፋል እንጂ አያነሣም።

አሁን ደሴቷን የሚያስጠራት ከሁሉ በላይ ነጭ ድቧ ነው። እርጉዝ እናቶች ወልደው የሚከርሙበት የበረዶ ጉድጓድ ተቀራርቦ ከሚገኝባቸው የዓለም ቦታዎች ቭራንጌል የመጀመሪያውን ደረጃ ትይዛለች። ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ያሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳ፣ የፓስፊክ ዋልረስም በብዛት ይመጣል፤ የባሕሩ በረዶ ወደ ሰሜን በሚሸሽበት ዓመት እስከ 100,000 የሚደርሱ በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ በተለይ በኬፕ ብሎሶም አካባቢ፣ ጎን ለጎን ተጋድመው ይታያሉ። በ2017 የመርከብ ጎብኚዎች ማዕበል ያወጣው የዓሣ ነባሪ ሬሳ ዙሪያ ከ200 በላይ ድቦች ተሰብስበው አይተዋል። ትዕይንቱ ሲታይ ያስደንቃል። ነገር ግን ድብ የሚያድነው ከበረዶ ላይ ሆኖ ስለሆነ፣ ባሕሩ በጊዜ ሲቀልጥበት የብሱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ያን ያህል ድብ በአንድ ጠረፍ ላይ ማየት እንደ ጥጋብ ምልክት ሊወሰድ አይገባም።

እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የማሳየው የዝይዋንና የጉጉቷን ጉርብትና ነው። በእስያ በብዛት የሚራባው የበረዶ ዝይ መንጋ የቀረው እዚህ ብቻ ነው። የብርዱን ወራት በካናዳ፣ በዋሽንግተንና በካሊፎርኒያ ረግረጎች አሳልፈው በግንቦት መጨረሻ ይመለሱና አብዛኞቹ በመሐል አገሩ፣ በቱንድሮቫያ ወንዝ ሸለቆ ይሰፍራሉ። ጠላታቸው የአርክቲክ ቀበሮ ነው፤ እንቁላል እየለቀመ ለክፉ ቀን መሬት ውስጥ ይቀብራል። አንዳንድ ዝይዎች ታዲያ ከዋናው መንጋ ተለይተው ነጯ የበረዶ ጉጉት ጎጆ ዙሪያ ይፈለፍላሉ። ጉጉቷ ለጫጩቶቿ ስትል ቀበሮ በቀረበ ቁጥር ከሰማይ ተወርውራ በጥፍሯ ጀርባውን ትገሸልጠዋለች፤ ዝይዋም ከዚያው ጥላ ሥር እንቁላሏን ታቅፋ ትቀመጣለች። ውሉ የሚጸናው ግን ሌሚንግ የተባለችው አይጥ መሰል ፍጡር በበዛችበት ዓመት ብቻ ነው። ሌሚንግ ከጠፋች ጉጉቷ አትፈለፍልም፤ የተራበው ቀበሮም ወደ ዝይዎቹ ይዞራል። የሸለቆው ዕጣ በአንዲት እፍኝ በማትሞላ ፍጡር እጅ ነው።

ማስክ ኦክስ የሚባለው፣ ጸጉሩ እስከ ሰኮናው የሚወርድ ከብት መሰል እንስሳ የመጣው በሰው ነው። በ1975 ጥቂቶች ተወስደው ተለቀቁና ረቡ። አጋዘኑም በ1948 ለእርባታ የገባ ነው።

የሰው ታሪኳ አጭርና ከባድ ነው። ጥንት፣ ከ3,000 ዓመት በፊት፣ የባሕር አዳኞች ደቡብ ጠረፏ ላይ ሰፍረው እንደነበር መሣሪያዎቻቸው ይመሰክራሉ። ስሟን የሰጣት የሩስያ ባሕር ኃይል ሰው ፈርዲናንድ ቮን ቭራንጌል ግን አላያትም። በ1820ዎቹ የቹክቺ ሰዎች የነገሩትን ይዞ ፈልጎ አጣት፤ በ1867 ቶማስ ሎንግ የተባለ አሜሪካዊ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ አዛዥ ከሩቅ ሲያያት ለመታሰቢያው በስሙ ጠራት። በጥር 1914 ካርሉክ የምትባል የካናዳ ጉዞ መርከብ በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች፤ ሰዎቹም በበረዶው ላይ ወደ ቭራንጌል አቀኑ። ከተሳፈሩት 25 ሰዎች 11 አለቁ። አራቱ አጥንታቸው የተገኘው ከዓመታት በኋላ፣ በ1924፣ በአጠገቧ ባለችው ሄራልድ ደሴት ላይ ነው። አዛዡ ሮበርት ባርትሌት ካታክቶቪክ ከሚባል ወጣት የኢንዊት አዳኝ ጋር በበረዶው ላይ ወደ ሳይቤሪያ ተሻግሮ፣ በጠቅላላው 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባያሳውቅ ኖሮ ደሴቷ ላይ የቀሩትን የሚደርስላቸው አልነበረም።

ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ግን በእኔ አስተያየት የአዳ ብላክጃክ ታሪክ ነው። በ1921 ደሴቷን ለብሪታንያ ለመያዝ ተብሎ አራት ወጣት ወንዶች ሲላኩ፣ የ23 ዓመቷ የአላስካ ኢኑፒያት ሴት በልብስ ሰፊነት ተቀጠረች። የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ትንሽ ልጅ ነበራት፤ የሄደችው ለማሳከሚያው ነው። አደን አታውቅም፣ ድብም እጅግ ትፈራ ነበር። በ1922 የምትጠበቀው የስንቅ መርከብ በረዶ አግዷት ቀረች። በጥር 1923 ሦስቱ ወንዶች እርዳታ ፍለጋ በበረዶው ላይ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። ከሦስቱ አንዱ ፍሬድ ሞረር ከካርሉክ የተረፈ ሰው ነበር። አራተኛው ሎርን ናይት ስከርቪ በሚባለው፣ ከቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣ በሽታ ታሞ ወደቀ፤ አዳ በሰኔ እስኪሞት ድረስ አስታመመችው። ከዚያ በኋላ ብቻዋን፣ ከአንዲት ድመት ጋር፣ ለቀበሮ ወጥመድ ማጥመድና መተኮስ ራሷን አስተማረች፤ ድብ ከሩቅ ለማየት ማዕበል ካወጣው እንጨት ማማ ሠራች። በነሐሴ 1923 መርከብ ሲደርስላት በሕይወት ነበረች። ልጇንም አገኘችው።

በ1924 የሶቪየት መርከብ መጥታ፣ አዳን የወሰደችው መርከብ በ1923 ያሰፈረቻቸውን ሰዎች አነሣች። በ1926 ጆርጂ ኡሻኮቭ የዩፒክና የቹክቺ ቤተሰቦችን አስፍሮ በስሙ የተጠራውን ኡሻኮቭስኮዬ መንደር መሠረተ። ደሴቷ በ1976 ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ሆነች፤ በ2004 ከሄራልድ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። መንደሩ ዛሬ የለም።

ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የቹኮትካ ዋና ከተማ ወደሆነችው አናዲር ይሄዳል፤ ከሞስኮ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት በረራ ነው። ከዚያ በረዶ የሚቋቋም መርከብ የቤሪንግን ሰርጥ አቋርጣ፣ የእስያን ምሥራቃዊ ጫፍ ኬፕ ዴዥኔቭን ዞራ ወደ ምዕራብ ትሄዳለች። ጊዜው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ብቻ ነው። አካባቢው የድንበር ቀጠና ስለሆነ ለብቻው የይለፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የተፈጥሮ ክልሉም የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ይህም ሁሉ ተሟልቶ፣ በረዶው ካልተከፈተ ወይም ጭጋግ ከወረደ፣ የከፈሉበት ጠረፍ ላይ ሳይወርዱ መመለስ አለ። መርሐ ግብሩን የሚወስነው በረዶው ነው።

ወደ ምድር የሚወረደው በአየር በተነፋ የጎማ ጀልባ ሲሆን ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ካልሆነ አይኬድም። ሠራተኞቹ የሚያድሩባቸው ጥቂት የእንጨት ጎጆዎች መስኮታቸው ድብ እንዳይገባ ታጥሯል። ነጭ ድብን እዚህ ለረጅም ዓመታት ያጠናው የሩስያ ሳይንቲስት ኒኪታ ኦቭስያኒኮቭ ከጠመንጃ ይልቅ ዱላና የሚቆጠቁጥ የበርበሬ ርጭት ይዞ በመንቀሳቀስ ይታወቃል። ድብ ሰውን እንደ ታዳኝ እንዳያይ የሰው አቋም ወሳኝ ነው ባይ ነው፤ አለመሮጥ፣ አለመደንገጥ። ለጎብኚ ግን የሚሰጠው ትእዛዝ ቀላል ነው፦ ከቡድኑ አለመለየት፣ ድብ ከታየ ወደ ጀልባ መመለስ።

በነሐሴ መጨረሻ ዝይዎቹ ጫጩቶቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ይነሣሉ፤ የመጨረሻዋ መርከብ ብዙም ሳትቆይ ትከተላለች። በጥቅምት እርጉዞቹ እናት ድቦች ከባሕር ወደ ኮረብታው ይወጣሉ፤ በምዕራብ በድሬም ሄድ ቁልቁለቶች የተከመረውን በረዶ በጥፍራቸው ቆፍረው ይገባሉ፣ አፉም ከኋላቸው በበረዶ ይደፈናል። በጨለማው ወራት እዚያው ይወልዳሉ። በመጋቢት ብርሃኑ ሲበረታ መጀመሪያ የእናቲቱ ጥቁር አፍንጫ ብቅ ይላል። አየሩን ካሸተተች በኋላ ከጎኗ ሁለት ትንንሽ ጭንቅላቶች ይከተላሉ። በዚያ ወቅት ደሴቷ ላይ አንድም ጎብኚ የለም።