የጋን መብራት፦ ክዳኑን ማን ያንሳው?

የሥራ ባልደረባዬ እናቷ አርፈውባት ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ለቅሶ ቤት ሁሌም ቃል ያልቅብኛል። በመጨረሻ፣ "እናትሽ ከታመሙ ጀምሮ ስጸልይላቸው ነበር" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ትጸልያለህ እንዴ?"

ሦስት ዓመት አንድ ቢሮ ሠርተናል። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ምሳ አብረን እንበላለን። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ አለቃችን ጠባይ አውርተን አንጠግብም። ያቺ አንዲት ነገር ግን ከአፌ ወጥታ አታውቅም።

አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት ሰምተው ኖሮ ፈገግ አሉ። "አይ ልጄ፣ የጋን መብራት ነህ ማለት ነው" አሉኝ።

ስድብ አልነበረም። ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። "የጋን መብራት" ወይም "የጋን ውስጥ መብራት" እንላለን። "የእንስራ ውስጥ መብራት" የሚሉም አሉ። ዕውቀት እያለው፣ ሙያ እያለው፣ ለሌላው ሳይተርፍ ለቀረ ሰው የሚባል ነው። ቅኔውን በቃሉ ይዞ አንድ ደቀ መዝሙር ሳያፈራ የሚያልፍ ሊቅ የጋን መብራት ነው። ሃያ ዓመት የጻፈውን በሳጥን ቆልፎ የተቀመጠም እንደዚያው። ቃሉ ውስጥ አክብሮትም ወቀሳም አለ። መብራት ነህ ይልሃል፤ ቀጥሎ ደግሞ የት እንደተቀመጥክ ይነግርሃል።

ጋን አይቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ ትንሽ ልንገረው። ጋን ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው። ጠላ ይጠመቅበታል። ሆደ ሰፊ ነው፣ አፉ ጠበብ ያለ። ጠላ ከመጠንሰሱ በፊት ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የታጠነ ጋን አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ውስጡ ምን ያህል ጨለማ እንደሆነ ያውቃል። በአነጋገራችንም ጋን የትልቅ ሰው ምሳሌ ነው። "ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ" የሚባለው ለዚህ ነው።

እስቲ እዚያ ውስጥ ኩራዝ አብርተህ አስቀምጥ። ጋኑ ራሱ ከውስጥ ቦግ ይላል። ቤቱ ግን ጨለማ ነው። ሰው እየተደናቀፈ ያልፋል። አሁን ደግሞ አፉን ክደነው። እሳት አየር ይፈልጋል። ውስጥ ያለችው አየር ስታልቅ ነበልባሉ ይቀጭጫል፣ ይጨሳል፣ ድርግም ይላል። አባባሉ በግልጥ የማይናገረው፣ እኔን ግን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ተከድኖ የቆየ መብራት ለሌላው አለማብራቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ እሱም ይጠፋል። ለማንም ያልተነገረ እምነት ውስጥ ውስጡን እንዴት እንደሚከስም ከራሴ አውቀዋለሁ።

ቃሉ ከወንጌል ጋር ዝምድና እንዳለው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ፣ "መብራትንም አብርተው ከዕንቅብ በታች አይደለም እንጂ በመቅረዙ ላይ ያኖሩታል በቤት ላሉት ሁሉም ያበራል" ይላል። ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይ ደግሞ በዕቃ ስለ መክደንና ከአልጋ በታች ስለ ማኖር ይናገራል። ዕንቅብ እህል የሚያዝበትና የሚሰፈርበት ስፌት ነው። የእኛ ሰው ዕንቅቡን ትቶ ጋኑን መረጠ። መቼም ጠላ ወዳድ ሳይሆን አይቀርም።

"በቤት ላሉት ሁሉ" የምትለው ሐረግ ላይ ትንሽ ልቆይ። መብራቱ የአብሪው የግል ንብረት አይደለም። የቤቱ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፣ እንግዳ አለ፣ መርፌ የወደቀባት እናት አለች። ክርስቲያን እምነቱን ለሌላው ለምን ይናገራል ለሚለው ጥያቄ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይቺ ሐረግ ትመልስልኛለች። የምናገረው በክርክር ለመርታት ወይም የራሴን ወገን ለማብዛት አይደለም። እኔ ዘንድ የበራው ለቤቱ ስለሆነ ነው።

"ሙያ በልብ ነው" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እኛ ድብቅነትን የምናከብር ሰዎች ነን። ወንጌሉም አንድ ምዕራፍ ዝቅ ብሎ ስትጸልይ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህን ዝጋ ይላል። ታዲያ እንደብቅ ወይስ እንግለጥ? እኔ እንደገባኝ የሚደበቀው የእኔ ክብር ነው። ምን ያህል እንደጾምኩ፣ ስንት ብር እንደመጸወትኩ፣ ያ በልብ ይቅር። ብርሃኑ ግን የእኔ ሙያ አይደለም። እኔ ቢሮ ውስጥ "ሙያ በልብ" ብዬ የተሸሸግኩበት ግን ትሕትና አልነበረም። ፍርሃት ነበር። "አክራሪ ይሉኛል" የምትል ተራ ፍርሃት።

"ሃይማኖት የግል፣ ሀገር የጋራ" የሚለውም አለ። በዚህ አባባል ጸብ የለኝም። ማንም የማንንም እምነት በኃይል አይነካም ማለት ከሆነ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይባል። የግል ማለት ግን የተቆለፈ ማለት አይደለም። ስልኬም የግሌ ነው፤ እደውልበታለሁ።

አሁን ወደምወደው ቦታ መጣሁ። የጋን መብራት ተቃራኒው ምንድን ነው? ቃሉ ከጥንት ጀምሮ አለን። ከሳቴ ብርሃን። ግእዙ "ከሠተ" ገለጠ ማለት ነው። አክንባሎው ሲገለጥ እንፋሎቱ ቦግ እንደሚል፣ ከሳቴ ብርሃንም ብርሃን የገለጠ ነው። ስሙ የተሰጠው ለፍሬምናጦስ ለአባ ሰላማ ነው።

ታሪኩን ከእሁድ ትምህርት ቤት የምናስታውሰው ቢሆንም አንድ ነገሩን እናልፈዋለን። ፍሬምናጦስ አክሱም የገባው ሰባኪ ሆኖ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን ከጢሮስ የተነሳ ልጅ ነው። የተሳፈሩበት መርከብ ወደብ ላይ ተጠቃ፣ ሰዎቹ ተገደሉ፣ እሱና ወንድሙ ኤዴስዮስ ብቻ ተርፈው ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ የንጉሡን ሒሳብና ጽሕፈት ያዘ። በዛሬ ቋንቋ የቢሮ ሰው ነበር ማለት ነው፣ እንደ እኔ! ልዩነታችን እሱ ጋኑ ውስጥ አለመቀመጡ ነው። ንጉሡ ሞቶ ልጁ ሕፃን ሳለ መንግሥቱን ሲያግዝ፣ ለንግድ የሚመጡ ክርስቲያኖችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲሠሩ አበረታታ። ኋላ እስክንድርያ ወርዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ ላኩ ብሎ ለመነ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እሱኑ ሾሞ መለሰው። በንጉሥ ዒዛና ዘመን የአክሱም ሳንቲም ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ተተካ። ገንዘቡ ገበያ ለገበያ ሲዞር መስቀሉም አብሮ ዞረ። ነገሩ የተጀመረው ግን አንድ ምርኮኛ ከነጋዴዎች ጋር ባወራው ወሬ ነው።

ሌላም አለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ ነው። የተወለደበት ስሙ ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፣ ከሚሲዮኖች ተማረ፣ አመነ። ያ ብርሃን በገዛ ሕዝቡ ቋንቋ እንዲበራ ፈለገ። ግን ከአገሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ ስለነበር ቋንቋው ሳስቶበታል። እንደሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ አገዘችው። ቃሉ ከእሷም አፍ ነው የተለቀመው። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱ በኦሮምኛ፣ በግእዝ ፊደል፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። እሱም በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምት ገብቶ ማስተማር ጀመረ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዝም ለማለት ስንት ምክንያት ነበራቸው! እኔ ምክንያቴ የአለቃዬ ፊት ነው።

ቆይ፣ ተደብቆ የበራ መብራት የለም ወይ? አለ። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ምእመናኑ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎች ታሰሩ። ሰዉ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይሰበሰብ ጀመር። ደርግ ወድቆ አደባባይ ሲወጡ ከ34 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ከካድሬ ተሰውረዋል፤ ከጎረቤት ግን አልተሰወሩም። ቡና እያፈሉ፣ በሹክሹክታ፣ አንዱ ለአንዱ ይነግር ነበር። የጋን መብራት የሚባለው ከቤቱ ሰው የተደበቀ ነው እንጂ ከሌባ የተሰወረ አይደለም።

ጌዴዎንም መሳፍንት ምዕራፍ 7 ላይ ለ300 ሰዎች ቀንደ መለከትና ባዶ ማሰሮ ሰጠ። በማሰሮው ውስጥ ችቦ ነበረበት። ሌሊቱን ችቦው ተሰውሮ ሄደ። ሰዓቱ ሲደርስ ማሰሮው ተሰበረ። የሸክላ ዕቃ ነገር ሲነሳ ቅዱስ ጳውሎስም ትዝ ይለኛል፤ "ይህ መዝገብ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አለን" ያለው ስለ ራሱ ነው። ሸክላው እኛ ነን ማለት ነው። አንዳንዴ ብርሃኑ የሚታየው ስንሰነጠቅ ነው። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አፌን የከፈተልኝ የቃል እጥረት አልነበር?

ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ። መብራትን ከጋን አውጥቶ ሰው ዓይን ላይ መደገን። ማታ ረጅም መብራት አብርቶ ፊት ለፊት የሚመጣ ሹፌር ታውቃላችሁ? መንገድ አያሳይም፣ ያሳውራል። ሥራ ውሎ ደክሞት ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ላይ "ሲኦል ትገባለህ" ብሎ መጮህ፣ ሌሊት ሰፈሩን በድምፅ ማጉያ መቀስቀስ፣ የሌላውን እምነት እየሰደቡ የራስን ማወደስ፣ ይሄን እኔ ምስክርነት አልለውም። መቅረዝ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፣ ሰዉ የፈለገውን ያይበታል። ሐዋርያው ጴጥሮስም መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ካለ በኋላ "በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን" ብሎ ልጓም አበጅቶለታል። ያውም ለሚጠይቁ ነው ያለው። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ፊልጶስ ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ስብከት አልጀመረለትም። ጠየቀው። "በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" አለው። "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" ብሎ ሠረገላው ላይ ያስቀመጠው ጃንደረባው ራሱ ነው።

ወንጌል ማለት የምሥራች ነው። በእኛ አገር "የምሥራች!" ብሎ የሚገባ ሰው "ምስር ብላ!" ይባላል እንጂ አይገፈተርም። ልጅ ተወለደ፣ ፈተና አለፈች፣ የታሰረው ተፈታ። ሮጦ የሚነግረን ሰው አስጨነቀን አንልም። ባይነግረን ግን እንቀየመዋለን። "እንዴት ከሌላ ሰው እሰማለሁ?" እንላለን።

ባልደረባዬም የተቀየመችኝ እንደዚያ ነው። ስለ ሃይማኖት አይደለም ቅሬታዋ። "እማዬ ሆስፒታል እያለች ሌሊት ሌሊት ብቻዬን ነበር የምፈራው። አንተ ፊቴ ተቀምጠህ ትጸልይ ነበር። ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የእናቷ አርባ ሲወጣ ቤቷ ሄድኩ። ሰው ሲቀንስ ቡና አቀረበች። አቦሉን ቀድታ ሰጠችኝና ስኒዋን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ልክ እንደ ቢሮው።

"እሺ" አለች፣ "አሁን ንገረኝ።"

በረካው ሲቀዳ ገና አልጨረስኩም ነበር።